ከአባቴ ኪስ የማትወጣው ወረቀት

ያን ቀን ጎባ ባለው ቤታችን አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴና ልጄን ያዘልኩ እኔ ነበርን። ከየመን የመጡት አባቴና ታናሽ ወንድማቸው በጠቅላይ ግዛቱ መንገድ ሥራ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ የውጭ አገር ሰው ስለሆኑ የሚከፈላቸው በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ነበር። ያን ቀን ግን አባቴ የኢትዮጵያ ዜግነት ወረቀት ይዘው ገቡ። ቋሚ ሠራተኛ ሊሆኑ፣ ደመወዛቸውም ሊጨምር ነው።

አጎቴ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ "ትናንት አንዱን ድንጋይ አብረን አነሳን። ዛሬ ባንተ በኩል ያለው ብቻ ከበደ?" ብለው ሳቁ።

"አንተም አመልክት እንጂ!"

"እናቴ የተቀበረችበትን አገርማ አልክድም።"

በወሩ አጎቴ በጎሮ መንገድ ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ከቤት ሲወጡ የኮታቸውን ኪስ ሁለቴ መታ መታ አድርገው "አለች" ይሉ ነበር። ስለ ወረቀቷ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ካረፉ በኋላ ኪሱን ስፈትሽ ግን በአጎቴ ስም ያስጻፉት፣ ፊርማ ብቻ የቀረው ማመልከቻ አብሯት ተጣጥፎ አገኘሁ።

ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ኪሱ ሲመታ እሰማለሁ። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ቀስ ብዬ ሄጄ እዳስሰዋለሁ፤ ማንም የለም።

አጎቴ ረጅም፣ በግራ እጃቸው የሚጠርቡ ሰው ናቸው። በጎሮም ሆነ በሶፍ ዑመር ያያቸው ካለ፣ እባካችሁ በሕይወት መኖራቸውን ንገሩኝ።