የተወቀረው እጀታ

ሐረገወይን ታከለ ጎንደር ቀሐ አጠገብ በሚገኝ ወርክሾፕ ውስጥ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎችን በኮምፒውተር ትነድፋለች፤ የመጋዝ እጀታ፣ የቧንቧ መዝጊያ፣ የድስት ክዳን መያዣ። ሥራዋን የሚያውቁ ሰዎች የሚመሰክሩላት አንድ ነገር ነው፤ እርሷ የነደፈችው መያዣ ከእጅ አያመልጥም። ይህን ጥንቃቄ ያገኘችው ከተማረችበት ኮሌጅ አይደለም፤ ከአባቷ ነው።

አባቷን አያ ታከለን የደንቢያው ከተማ ኮላ ድባ የሚያውቃቸው በወፍጮ ድንጋይ ወቃሪነታቸው ነው። የሞተር ወፍጮም ቢሆን ድንጋዩ ከጊዜ ብዛት ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ድንጋይ ደግሞ እህሉን ሳይሰብር ያሳልፋል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ይገለበጥና ፊቱ ሸካራ እስኪሆን ድረስ በሹል መዶሻ ይመታል። መውቀር የሚባለው ይህ ነው። አያ ታከለ የሥራቸውን መጨረሻ በዓይን አይፈርዱም ነበር። አውራ ጣታቸውን ከድንጋዩ ጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፉና ጣታቸው ካልተያዘ መዶሻውን እንደገና ያነሣሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲገለበጥ የነበረ ድንጋይ አምልጦ አንድ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ እግሩም ተቆረጠ። እርሳቸው ግን ሥራው አላበቃም ባይ ነበሩ።

«መውቀርማ ተቀምጦም ይሆናል» አሉ። «እግር የሚፈልገው ወፍጮ ቤቱ ድረስ መድረሱ ነው።»

መንገዱ የደንቢያ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ይጣበቃል፣ ያንሸራትታል። ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው ክራንች እጀታው ልሙጥ ስለ ነበር ዝናብ ሲነካው ከመዳፋቸው ይወጣል። ስለዚህ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ማናዬ በጀርባው እያዘለ ያደርሳቸው ጀመር።

«ሬሳ ይመስል ምነው ትሸከመኛለህ?» ይሉታል።

«ሬሳስ አርፎ ይታዘላል፤ እንደርስዎ ጆሮ ሥር አይሳደብም» ይላል ማናዬ።

ሰው ይስቃል፤ እርሳቸው አይስቁም። ልጃቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ክራንቹን ሰጧትና፣ «ይህ እጀታ ቢወቀርኮ ብቻዬን እሄድ ነበር» አሏት። ሌላ የጠየቋት ነገር የለም።

በዚያው ዓመት አንድ የተራድኦ ድርጅት ለተጎዱ ሰዎች የሚታደል የክራንች እጀታ ለወርክሾፑ አዘዘ። ሐረገወይን የአባቷን ነገር ለወርክሾፑ ባለቤት ነግራ ሥራውን ለምና ተቀበለች። በመጀመሪያ እጀታውን ልሙጥ አድርጋ ነደፈች። ቀጥላ ገላውን እየዞረ የሚወርድ አንድ ቀጭን ቦይ ቆረጠች፤ ቦዩንም ዙሪያውን እንዲደጋገም አዘዘች። ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ሌላ ቦይ አሳለፈችበት። ሁለቱ በተሻገሩ ጊዜ በመካከላቸው ረድፍ ረድፍ ሆነው የቆሙ ጥቃቅን ጥርሶች ቀሩ። መዳፍ እንዳይቆስል የጥርሶቹን ጫፍ አደነዘዘች። ንድፉን ከቀለጠ ፕላስቲክ በሚሠራው ማሽን አጭር ናሙና አሠርታም እጇን ሳሙና ቀብታ ቧንቧ ሥር ሞከረችው፤ ያዘ።

ይሁን እንጂ ጥርሱ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ አሮጌው ኮምፒውተር ንድፉን ባዞረችው ቁጥር ይደርቅ ነበር። ስለዚህ ከድርጅቱ ለሚመጡት እንግዶች ማሳያ ሌላ ፋይል አዘጋጀች፤ ልሙጥ እጀታ ላይ የጥርስ ሥዕል ብቻ የተለበጠበት። በስክሪን ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ እንዲያውም ሥዕሉ ይበልጥ ያምር ነበር።

እንግዶቹ አይተው ወደዱት። በማግሥቱ እርሷ ለዘመድ ለቅሶ ወደ አይከል ሄደች። የወርክሾፑ ባለቤት ምንይችል እዚያ ደወለላት።

«ሐረግ፣ ማሽኑ ሞቆ ይጠብቃል። እጀታ የሚል ሁለት ፋይል አለ፤ ሁለቱም ያው ናቸው። የትኛው ይግባ?»

«የተወቀረው፣ ጋሼ።»

«ነፋስ ነው፣ አልሰማሁሽም።»

«የተወቀረው ይግባ!»

«ገባኝ፣ ገባኝ። የደንቢያ ሰው ካልጮኸ የተናገረ አይመስለውም።»

ምንይችል ቀሐ ተወልዶ ቀሐ ያደገ ሰው ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲገለበጥ አይቶ አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው ውቅራት የእናቱን የወይዘሮ ይርገዱን ድድ ነው፤ በልጅነታቸው በመርፌ ተወግቶ የጠቆረውን፣ ሲስቁ የሚታየውን ጌጥ። ለእርሱ መወቀር ማለት በገላ ላይ ቀለም መግባት ነው። ሁለቱን ፋይሎች ከፈተ፤ በአንደኛው ጎን ገላው ላይ ሥዕል መለበጡን የሚገልጽ ምልክት አየ። «ይኸው የተወቀረው» አለና ወደ ማሽኑ ላከው። ማሽኑ ሥዕል አያነብም፤ ቅርጽ ብቻ ነው የሚያነበው። እጀታዎቹ ልሙጥ ሆነው ወጡ።

ምንይችል የመጀመሪያውን እጀታ አንሥቶ ዳሰሰው። ሥዕሉ አለመውጣቱን አስተውሏል፤ ቀለሙ በኋላ የሚገባ መስሎት አለፈው። «ሸጋ ነው፤ እጅ አይጎዳም» አለ። እጁ እውነቱን ነግሮት ነበር፤ እርሱ ምስጋና አድርጎ ሰማው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እጀታዎች አዲስ ክራንች ላይ አስገጥሞ፣ ሐረገወይን ስትመለስ ደስ ይበላት ብሎ፣ በሚኒባስ ወደ ኮላ ድባ ለአባቷ ላከ። በደግነት ያደረገው ነው፤ አልክድም።

አያ ታከለ ክራንቹን ልጄ ሠራችልኝ ብለው ተቀበሉ። አልመረመሩትም። የሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ ጣታቸውን ሳያሳልፉበት አይቀሩም ነበር፤ የልጃቸውን ግን አመኑ። በማግሥቱ ሲያካፋ ማናዬን ሳይጠብቁ ብቻቸውን ወጡ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ እጀታው ከመዳፋቸው ወጣ፤ ድንጋዩ ደረጃ ላይም ወደቁ።

ሐረገወይን ወሬውን ሰምታ ከአይከል በቀጥታ ወርክሾፑ ገባች። እጀታዎቹን አየች።

«የተወቀረውን አላልኩም?»

«እሱኑ እኮ ነው ያስገባሁት! መወቀር ቀለም አይደለም እንዴ? የእናቴን ድድ አላየሽም?»

ቃሉን ሁለቱም በትክክል ያውቁታል፤ ክፋቱም ይህ ነው። «ጥርስ ያለው» ብትል ኖሮ በቂ ነበር። ምንይችል ገና ያልታደሉትን እጀታዎች በሙሉ በካላማዳሪ አስጠቀለላቸው፤ ይህ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ለሌሎቹ ተደረሰላቸው።

ኮላ ድባ ስትደርስ አያ ታከለ አልጋ ላይ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አይቆሙም ብሏል። ክራንቹን አጠገባቸው አስተኝተው እጀታውን በአውራ ጣታቸው ያሻሹታል።

«ይህን አንቺ ነሽ የወቀርሽው?»

«እኔ የሠራሁት ሌላ ነው፣ አባዬ።»

«ምነው ታዲያ ይህ መጣ?»

ለማስረዳት ሞከረች፤ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ወይዘሮ ይርገዱ ድድ። በመጨረሻ ስልኳን አውጥታ የንድፉን ፎቶ ከፈተችና አጉልታ ሰጠቻቸው። ጥርሶቹ እያንዳንዳቸው ከነጥላቸው ይታያሉ።

«ይኸው። የኔ ሥራ ይህ ነው።»

አያ ታከለ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አላስጠጉትም። አውራ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው አሳለፉት።

«ይህም ልሙጥ ነው» አሉና መለሱላት።