አሥራ ሁለት ኮምፒውተርና አንዲት ትርፍ ገመድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ አልፏል። ግን የቤቴን በር በከፈትኩ ቁጥር ያ ከሰዓት በኋላ ትዝ ይለኛል። ሳቄም እንባዬም ይመጣል። ለማን እንደምነግረው ሳስብ ቆይቼ ለእናንተ ልጻፈው አልኩ።

ትርንጎ እባላለሁ። ትውልዴ ገሳይ ነው። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ሠርቼ ስመለስ ሰው ሁሉ "ሱቅ ክፈቺ፣ ፀጉር ቤት ክፈቺ" ሲለኝ፣ እኔ ደብረ ታቦር ላይ የኮምፒውተር ጨዋታ ቤት ከፈትኩ። እናቴ ስትሰማ "ልጀ፣ ያን ያህል ተንከራተሽ መጥተሽ ማጫወቻ?" ብላ አለቀሰች። ምን ላድርግ! የሠራሁበት ቤት ልጆች ሲጫወቱ ገመዱን የምሰካላቸው፣ ሲበላሽም የምጠግንላቸው እኔ ነበርኩ። እጄ የለመደው እሱን ነው።

ቤቱን ያከራዩኝ ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ። ሸማኔ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍላቸው ገብተው ሲሸምኑ ይውላሉ። ንግግር አያበዙም። አንዴ ከተናገሩ ደግሞ አይመልሱትም።

የጎረቤታችን እትየ በላይነሽ ግን እንደ ሐጂ አይደሉም። ልጃቸው እኔ ቤት ተጥዶ ሲውል አይተው ተቆጡ። ሁለት እናቶች አስከትለው ሐጂ ዘንድ ሄዱና "ይህችን ልጅ ያስወጡልን፤ ልጆቻችንን ከደብተር አጣላችብን" አሉ። በማግስቱ ሐጂ ጠሩኝ።

"ትርንጎ፣ ቤቱን አስለቅቃት ብለውኛል" አሉኝ። "እኔ ሳላይ አልፈርድም። መጥቼ አያለሁ። ካየሁ በኋላ ግን አንዲት ቃል ነው የምናገረው።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ የት አባቱ! ያቺ ቤት የሰባት ዓመት ድካሜ ናት። ከዚያ ከወጣሁ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ተሸክሜ የት እገባለሁ? አስቤ አስቤ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሐጂን በተራ ቀን፣ ልጆች ሲንጫጩ ከማሳያቸው፣ ደህና ግጥሚያ አዘጋጅቼ ልጥራቸው አልኩ። ተጫዋቾቹ ሥራ ያላቸው ወጣቶች ይሁኑ፤ ስምንት ከእኛ፣ አራት ከአንበሳሜ ከተማ። ጨዋታው የኮምፒውተር ኳስ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ስድስት ግጥሚያ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። እናቶቹም መጥተው ይዩ።

ፍርሃቴ ኔትወርኩ ነበር። እንዲህ ያለ ግጥሚያ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በገመድ አንዲት ሳጥን ላይ ይሰካሉ፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። ስዊች እንላታለን። የእኔዋ አሥራ ስድስት ቀዳዳ አላት። እሷ ከታመመች ቤቱ በሙሉ ታመመ ማለት ነው።

ሦስት ቀን ተዘጋጀሁ። መብራቱን ለሁለት ከፈልኩት፤ ስድስቱ ኮምፒውተር ከአንዱ መስመር፣ ስድስቱ ከሌላው። ኮምፒውተሮቹ በመሀል ራሳችንን እናድስ እንዳይሉ ዘጋሁባቸው። ዋይፋዩን አጠፋሁ። ማንም ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር እንዳያገናኝ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

ከዚያ ወፍጮው ቀረ። ከግቢያችን ጀርባ የአያ ሙሉ ወፍጮ አለ። እሱ ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። ሄጄ "አያ ሙሉ፣ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ያሳርፉልኝ" ብዬ ለመንኳቸው።

"ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው! ሰው እህሉን ተሸክሞ ሲመጣ 'ዛሬ ኳስ አለ' ልበለው?" አሉኝ። አልለቀቅኋቸውም። በመጨረሻ "በጠዋት ተነስቼ ፈጭቼ እጨርሳለሁ። ለሐጂ ስል ነው እንጂ ላንቺስ አይደለም" አሉ። ለማንም ይሁን፣ ወፍጮው ይቁም እንጂ!

ገመዶቹ ሁሉ አንድ መልክ ናቸው፤ ግራጫ። አንዱ ቢበላሽ የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሐጂ ዘንድ ሄጄ የጥለት ክር ትራፊ ለመንኩ። በእያንዳንዱ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ክር አሰርኩ። ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ እያልኩ አሥራ ሁለቱንም ለየኋቸው። ሐጂ በደጅ ሲያልፉ አይተው "አሁን የሰው ሥራ መሰለ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህን ያህል መስማት ቀላል አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

አንዲት ትርፍ ገመድ ነበረችኝ። ድንገት አንዱ ቢበላሽ ቶሎ እንድቀይር አንደኛውን ጫፏን ስዊቹ ላይ ሰክቼ፣ ሌላውን ጠረጴዛ ሥር ወለሉ ላይ ለቀቅሁት። ክርም አላሰርኩባትም። ለትርፍ ገመድ ደግሞ ምን ጌጥ ያስፈልጋታል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሆነ። አንበሳሜዎች አቧራ ለብሰው ከሚኒባስ ወረዱ። አለቃቸው ታደለ ይባላል፤ አንበሳሜ ላይ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ምላሱ አያርፍም። ገና ሲገባ "ዋንጫውን የት ነው ያስቀመጣችሁት? ቦታውን ልየው ብዬ ነው" አለ። ልጆቹም አጨበጨቡለት።

ቀጥሎ ሐጂ ከእነ እትየ በላይነሽ ጋር መጡ። እኔ እንግዲህ አክባሪ መሆኔ ነው፣ ሽማግሌ ነፋስ በሚገባበት በር አይቀመጥም ብዬ፣ ያለችኝን አንዲት ባለ ስፖንጅ ወንበር ወደ ውስጥ ጥግ ወሰድኩላቸው። ጥጉ ደግሞ ስዊቹ ያለበት ነው። ሳጥኗን በርጩማ ላይ ነው ያስቀመጥኳት፤ ከሐጂ ጉልበት አንድ ስንዝር ብትርቅ ነው። ያን ጊዜ ምንም አልታየኝም።

የመጀመሪያው ዙር እንደ ቅቤ አለፈ። አንድም መቆራረጥ የለ። እትየ በላይነሽ እንኳ "ያ ቀይ ለባሹ ምን ሆኖ ነው የወደቀ? ወይ ልጄን!" እያሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፉ። ሐጂ ወደ ሳጥኗ አመለከቱና "ይህን ሁሉ የምታስኬደው እሷ ናት?" አሉኝ።

"አዎ ሐጂ፣ ሁሉም ገመድ እሷ ላይ ነው የሚገባው።"

"መልካም" አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔም ኩራቴን ይዤ ወደ ልጆቹ ዞርኩ።

ሁለተኛው ዙር መሀል ላይ ሲደርስ ከወዲያ ጥግ "ኧረ ቆመ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። "የእኔም ቆመ!" "የእኔም!" አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተር ደርቆ ቀረ። የአንዱ ኳስ አየር ላይ ተሰቅሏል። ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ስቆጣ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። አምፖሉ ደህና እየበራ እያየሁ ወደ ወፍጮው ሮጥኩ። "አያ ሙሉ! ቃልዎን አጠፉ አይደል?" ብዬ ጮህኩ። አያ ሙሉ ጆንያ ላይ ተጋድመው ነበር። አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"የወፍጮ ድምፅ ይሰማሻል?" አሉኝ።

ዝም ነው። ዝንብ እንኳ አይሰማም። ዱላቸውን አነሱና "ነይ ቅደሚ! በተኛሁበት እንደሰደብሽኝ ለሐጂ እነግራለሁ" ብለው ተከተሉኝ። አንድ ችግር ይዤ ወጥቼ በሁለት ተመለስኩ።

ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁት። ጨዋታው ተነሳ። ሁሉም "እሰይ!" ሲል፣ ትንፋሽ ሳንወስድ መልሶ ደረቀ። የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። እንደገና አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ያው ነው።

በዚህ መሀል የእኛ ልጆች ተንኮል ማሽተት ጀመሩ። "ታደለ ሦስት ለዜሮ እየተመራ ሳለ ነው የቆመው!" አለ አንዱ። "ቅድም ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ" አለ ሌላው። ታደለ የወደቀ ስልኩን ሊያነሳ እንደነበር ቢናገር ማን ይስማው! ብድግ አለ። ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶ ፊቱ ጠቆረ።

"ሌባ ልትሉኝ ነው ከአንበሳሜ ድረስ የጠራችሁኝ?" ብሎ ጃኬቱን አነሳ። ጓደኞቹም ተነሱ። ከእኛም ሁለቱ በሩ ላይ ቆሙ።

እትየ በላይነሽ "ይኸው! እኔ ምን አልኩ? የዚህ ቤት ትርፉ ጠብ ነው!" አሉና ወደ ሐጂ ዞሩ። እኔ በልቤ ቤቱን ለቅቄ ኮምፒውተሮቹን ወደ ገሳይ እየጫንኩ ነበር።

ስዊቹ ፊት ተንበረከክሁና የተሰኩትን ቀዳዳዎች በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንዲት የትርፏ ገመድ ጫፍ፤ አሥራ ሦስት መሆን አለበት። አሥራ አራት ሆነብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ አራት። ትርፏ ገመድ ሁለቱም ጫፏ እዚያው ስዊቹ ላይ ተሰክቷል። እንዲህ ሲሆን ስዊቹ ከራሱ ጋር ማውራት ይጀምራል። የላከው ቃል በዚያችው ገመድ ዞሮ ይመለስለታል፤ እሱም መልሶ ይልከዋል፤ ወሬው እየተባዛ ቤቱን ይሞላውና ኮምፒውተሮቹ መደማመጥ ያቅታቸዋል።

ማን እንደሰካውም ወዲያው አወቅሁ። ቅድም ወለል ላይ በነበረው ጫፍ ላይ ነጭ ክር ታስሯል። ቋጠሮው የምስር ፍሬ ቢያህል ነው፤ ትራፊውም እኩል ተቆርጧል። እኔ ያሰርኳቸው ቋጠሮዎች እኮ የበሬ ማሰሪያ ነው የሚመስሉት! ቀና ስል ሐጂ በእርጋታ ያዩኛል። ወድቆ አይተው ነው። ሸማኔ የወደቀ ክር አይቶ አያልፍም፤ ጫፉን ያነሳል፣ ይቀጥላል፣ ወደ ቦታው ያስገባል። እንደ ሌሎቹ ክር አስረው፣ ባዶ ቀዳዳ ፈልገው ሰኩልኝ። ውለታ መሥራታቸው ነው።

አሁን ምን ልበል? "ሐጂ ናቸው" ብል፣ ሰባ ዓመት የተከበሩ ሰው በእነዚህ ጎረምሶች ፊት መሳቂያ ሊሆኑ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ክብራቸው አልነበረም፤ ስለ ቤቴ ነው። ዝም ብዬ ገመዱን ብነቅለውስ? ጨዋታው ይነሳል፤ ታደለ ግን ሌባ ተብሎ አንበሳሜ ይገባል። ልጁ በሩ ላይ ደርሷል።

"ታደለ፣ ተመለስ! እኔ ነኝ!" አልኩ። "እኔው ነኝ ያበላሸሁት። ትርፏን ገመድ ሳላይ በሁለት በኩል ሰክቻታለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ገመዱን ነቀልኩት። ኮምፒውተሮቹ ወዲያው ነፍስ ዘሩ።

አቤት ሳቁ! የእኛ ልጆች ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። አያ ሙሉ "ራሷ ቋጥራ፣ እኔን ከእንቅልፌ!" አሉና ዱላቸውን መሬት መቱ። እትየ በላይነሽ "ገመድ መሰካት የማታውቅ ናት ልጆቻችንን የምትጠብቅልን?" አሉ። ታደለ ግን ተመለሰ፤ ያሙትም ልጆች ትከሻውን ሳሙት። ሦስት ለዜሮ ተመርቶ የነበረው ሰውዬ አራት ለሦስት አሸንፎ ተነሳ። ከእኛ በኩል የሚስቅ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኔትወርኩ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። የማየው ግን ኔትወርኩን አልነበረም። ሐጂን ነበር፤ ዓይናቸው እዚያች የተነቀለች ገመድ ላይ ነበር።

ግጥሚያው ሲያልቅ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

"ይህች ልጅ ዛሬ በፊታችሁ ዋሸች" አሉ።

ጠረጴዛውን ያዝኩ።

"ገመዷን የሰካኋት እኔ ነኝ። ወድቃ አየኋትና ያስተካከልኩ መስሎኝ ነው። ክሬን አይታለች፤ አውቃኛለች። እኔን ላለማሳፈር፣ ያንን እንግዳም ላለማስወቀስ ጥፋቴን ተሸከመችልኝ። እኔም አፍሬ እስካሁን ዝም አልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።" ወደ እትየ በላይነሽ ዞሩ። "እንዲህ ካለች ልጅ ዘንድ ካላዋላችኋቸው፣ የት ልታውሏቸው ነው? ቤቱ የእሷ ነው። ተማሪ በትምህርት ሰዓት እዚህ ካየሁ ግን በሩን የምዘጋው ራሴ ነኝ።"

ከዚያ እትየ በላይነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው "ሐጂ፣ ኳሱን ያቆሙት አንቱ ነዎት?" አሉ። ሐጂ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሁላችንም። አያ ሙሉ ብቻ "እኔን ይቅርታ የሚጠይቀኝ የለም?" እያሉ ቆመው ቀሩ። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሁሉም ሲወጣ ብቻዬን ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። ሳላስበው እንባዬ መጣ። ዓረብ አገር በሠራሁበት ቤት ያልሰበርኩትን ብርጭቆ ሰበርሽ፣ ያላጠፋሁትን ዕቃ አጠፋሽ እየተባልኩ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። የሰበረው ሰው እዚያው ቆሞ ያየኛል፤ አንድም ቀን "እኔ ነኝ" ያለልኝ የለም። እኔም መከራከሩን ተውኩትና ለመድኩት።

ሐጂ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በሰው ፊት ቆመው ጥፋታቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። ከአውሮፕላን ከወረድኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። አገሬ የገባሁት ግን ያን ቅዳሜ ነው።