ወንድሜ የገጠማት ኮምፒውተር

ክረምት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ አንድ ሽታ ይነሳል። የሞቀ አቧራ ሽታ ነው፣ ትንሽ የፕላስቲክ ቃጠሎም አለበት። አብረውኝ የሚጽፉት ሴቶች አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ስለምውል ዓይኔ ይቃጠላል፣ ትከሻዬም ይከብደኛል፤ ለማረፍ ምክንያት ይሆነኛል። ግን ለዚያ ብቻ አይደለም። ሽታው ወንድሜን ያመጣብኛል።

ታላቄ ነው። ያኔ ዲላ ገበያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቀርቻለሁ። እናታችን ወገቧን ስትታመም ከሁለታችን አንዳችን ቤት መዋል ነበረብን፤ እኔ ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይም ብያለሁ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ከዴስኩ ሥር መደበቅ ያምረኝ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ቤት መዋሉም ደከመኝ። አንድ ሥራ ብቻ ተመኘሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የምሠራው ሥራ። ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ጸሐፊዎቹ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ወንድሜ የቤቱን ባለቤት ሴትዮ አነጋገረልኝ። “ትለማመድና ከወር በኋላ አምጣት፣ እፈትናታለሁ” አለችው።

መለማመጃ ኮምፒውተር አልነበረንም። ስለዚህ ገጠማት። ከሱቁ ከተጣሉ ዕቃዎች መሃል መዳፍ የምታህል ቦርድ አገኘ፣ ከሌላ ማሽን ራም ነቀለ፣ ከሌላ ደግሞ ትንሽ ሃርድ ዲስክ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ትልቅ ሳጥን የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ ሁሉንም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገባው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና አንገቷን አስግጋ “አሁን ይኼ ብስኩት ነው ኮምፒውተር?” አለች። “እማዬ፣ ብስኩቱን ብዪና ክዳኑን ተይልኝ” አላት። በመጀመሪያው ቀን ቆርቆሮዋ እንደ ምጣድ ግላ በራሷ ተዘጋች። እሁድ ገጠር ኢዲዶ ያለችው አክስታችን ጋ ሄደና ከቡና ማድረቂያ አልጋ የተረፈ ወንፊት ሽቦ ይዞ መጣ። የቆርቆሮዋን ጎን በመቀስ ቀዶ ሽቦውን ገጠመበት። ከዚያ ወዲያ ስትሞቅ ከአቧራው ጋር የደረቀ ቡና ትሸት ነበር።

ሶፍትዌር ሊጭን ሲል በአንድ እጁ ጥቁር ፍላሽ፣ በሌላው ሰማያዊ ይዞ ፊቴ ቆመ።

“ጥቁሩ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነው፣ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሰማያዊው በነጻ የሚታደል ነው፣ በአማርኛ ይሆንልሻል። ዲስኳ ትንሽ ናት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አትችልም። የቱን?”

ጽሑፍ ቤቱ ያለው ጥቁሩ እንደሆነ አውቅ ነበር። በመስኮት አይቻለሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሱ የሚያየው ሰማያዊውን ነበር፤ ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። “አንተ እንደመሰለህ” አልኩት።

ሲጭን ዝናቡ ቆርቆሮ ጣራውን ይደበድበው ነበር። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያም ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮዋን በብብቱ ይዟት ወደ ሥራ ይሄድ ነበር። “ገና ይቀራታል” ይለኛል። ሲመለስ ያመጣትና እለማመዳለሁ። በየቀኑ የምታውቀው አማርኛ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር ስፈልግ “ቆይ፣ እያየሁልሽ ነው” ትላለች። ልዘጋት ስል “የጻፍሽው ይቀመጥ ወይስ ይቅር?” ትለኛለች። ሥራዋ ሲበላሽባት ደግሞ “ችግሩ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም” የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው ፊት የሚይዘኝ ፍርሃት እሷ ፊት አልነበረም። ኮምፒውተር ሁሉ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ የሚያናግር መሰለኝ።

የፈተናው ቀን አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ቤታቸው ካርታ የሚያመለክቱት ሦስተኛ ማመልከቻ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስጽፍ ጣቶቼ አልተደናቀፉም። ባለቤቷ ከጀርባዬ ሆና “ጎበዝ፣ ትፈጥናለች” ስትል ሰማሁ። ገጹ ሞላ። እንደለመድኩት ልዘጋው ስል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ ሳጥን መጣ፤ ከታቹ ሦስት ቁልፎች። ሁሉም ሰው የሚያየኝ መሰለኝ። የመሃሉን ተጫንኩ። ገጹ ከነጽሑፉ ጠፋ።

“ምን ነካሽ?” አለች ባለቤቷ። “እየጠየቀሽ እኮ ነው! ማንበብ አትችዪም እንዴ?”

ተራ ከሚጠብቁት ተማሪዎች አንዱ “ኧረ ቀስ በሏት፣ ገና አጸደ ሕፃናት ናት” አለ። ተሳቀ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። “ግድ የለም የኔ ልጅ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ” አሉኝና ወደ ሌላዋ ጸሐፊ ዞሩ።

ወንድሜ ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ አውልቆ እስኪጨርስ አልጠበቅኩም። በሕይወቴ ጮኼ የተናገርኩት ያኔ ብቻ ነው።

“ማን በአማርኛ አድርግልኝ አለህ? የትም የሌለ ነገር አስለመድከኝ! አንተም እንደ ሕፃን ነው የምታየኝ!”

አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ ቆመ። “ጠይቄሽ ነበር እኮ” አለ ቀስ ብሎ። እውነቱን ነው፤ ጠይቆኝ ነበር።

በማግስቱ ጥቁሩን ፍላሽ ሰካ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። መሃል ላይ ቆመና “ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ይላል” አለኝ። ዞር ብሎም አላየኝም።

“ይጥፋ” አልኩ።

ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ተጫነው።

የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት ከነትርጉማቸው በደብተር ወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። እንደ ጸሎት ሸመደድኳቸው። ባለቤቷ ሁለተኛ ዕድል ሰጠችኝና ተቀጠርኩ። በዓመቱ ወንድሜ የሞያሌውን መንገድ ይዞ ወጣ፤ ከብዙ ወር በኋላ ደቡብ አፍሪካ መድረሱን ሰማን። እኔ ይኸው እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ማሽኑ የሚጠይቀኝን ማንበብ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ዓይኔ ሳያይ እጄ ይመልሳል።

ባለፈው ግንቦት ከወንድሜ ጋር ይሠራ የነበረው ጓደኛው ውል ሊያስጽፍ መጣ። ጽፌ ስጨርስ “ያቺ የብስኩት ቆርቆሮስ?” አለኝ እየሳቀ። ወንድሜ ከሄደ በኋላ ቦርዷ እንደተቃጠለ ነገርኩት። አማርኛዋንም ገና ድሮ እንዳስጠፋኋት ጨመርኩለት።

“የቱን አማርኛ?” አለ። “ከፍላሹ የመጣው እኮ ግማሹ እንኳ አማርኛ አልነበረም። ሌላውን እሱ ነው የጻፈው፣ እያንዳንዷን ቃል። ‘እህቴ ትፈራለች፣ ደረቅ ነገር አይሆንም’ እያለ ያስቀን ነበር። አልነገረሽም?”

“አልነገረኝም” አልኩ።

“ሁለት ሳምንት ያንን ሲጽፍ ምሳ አብሮን አልበላም” አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በቀጣዩ እሁድ ወንድሜ ደወለ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነበር፣ እናቴ አጠገቤ ተኝታለች። ማወቄን ልነግረው ከጠዋት ጀምሮ ስዘጋጅ ነበር። በስልኩ ውስጥ መኪናዎች ይሰማሉ፣ የማላውቀውን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችም ይሰማሉ። ስለ እናቴ ወገብ ጠየቀኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

“ምሳ በላህ?” አልኩት።

ሳቀ። “እዚህ ገና ነው እኮ” አለኝ። “ምነው?”

“ዝም ብዬ ነው” አልኩ። “በሰዓቱ ብላ።”