የአባቷ መንገድ

ከትክል ድንጋይ ከተማ አንድ አስተማሪ ደውሎ «ያች ልጅ ጣጣ ውስጥ ናት» ሲለኝ፣ ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ መንገድ ሊሠራ የመጣ ቻይናዊ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አገሩ ገባ። እናቷ ስትሞት፣ ጎንደር ያለነው የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች ከአክስቷ ጋር እንድትኖር አደረግን። «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ያስለቅሷታል ብዬ ሁልጊዜ እሰጋ ነበር። ሕፃናትን ስለ ዘርና ስለ መልክ እንዴት እንደምናነጋግር በቅርቡ ሠልጥኜ ስለነበር፣ መኪና ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ሄድኩ። ሾፌሩ ለብቻዬ ሳወራ ሰምቶ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ስደርስ አስተማሪው «ልጆቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው እየመጡ ተቸገርን» አለኝ።

«ጭቃ ይቀቧታል እንዴ?»

«ኧረ የሚጨቀዩትስ እነሱ ናቸው! ቻይና ያላትን ሁሉ አስፋልቱን ከልክላዋለች። ‹አባቴ የሠራው ነው፤ በማሳው ሂዱ› ትላለች፣ እጇን ዘርግታ።»

«እሺ ይሏታል?»

«ምን ይበሉ? አባቷ ሲሠራው አገር አይቷል።»

አክስቷ ቤት ልጅቱን አጠገቤ አስቀምጬ «የኔ ቆንጆ፣ የሰው መልክ ልዩ ልዩ ነው…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አባቴ እኔን ይመስል ነበር?»

ይህን ማንም አላሠለጠነኝም። ምስር የሚለቅሙትን አክስቷን አየኋቸው።

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትጠይቂኝ?» አሉ። «ልክ አንቺን! ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ከአማርኛ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ ‹ሸጋ› እና ‹ነገ›። እናትሽን ያግባባትም በዚሁ ነው።»

ልጅቱ ሮጣ መስታወት አመጣች። ደጋግማ ሳቀች። «ስስቅ አይታየኝም!» ብላ ተናደደች፤ አክስቷ ምስሩን እስኪደፉ ሳቁ። እኔም ንግግሬን ረሳሁት።

ልጆቹን እንድታሳልፍ ስለምናት ትንሽ አሰበችና «ስሜን የጠራ ይለፍ» አለች።

እዚያው አድሬ ጠዋት ሄጄ አየሁ። ልጆቹ አስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ስሟን እየጠሩ ያልፋሉ። አንዱ እልኸኛ ግን በማሳው ሲሄድ ጫማውን ጭቃው ዋጠው። ቢጎትት፣ ቢጎትት እምቢ አለው። በመጨረሻ ከሁሉም አስበልጦ ጮኾ ስሟን ጠራ።

ከአስፋልቱ ወርዳ አብራው መጎተት ጀመረች።