የውሮ ሲባጎ

እትዬ ብዙነሽ መጠበቅ አይሆንላቸውም። ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበሩና እጃቸው ከሐሳባቸው ይቀድማል። ቀበና ወንዙ ዳር ካለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር አምስት ዓመቴ ነው፤ በሬን አንኳኩተው እስክከፍት የቆሙበትን ቀን አላስታውስም። ድመቷ ላይ የደረሰውም በዚሁ ችኮላቸው ነው።

አይጥ ቢያስቸግራቸው ጊዜ ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረቱ ዘበኛ ለአቶ ገብረማርያም ነገሯቸው። እሳቸውም ከጫካው ዳር አንዲት ደቃቃ ድመት ያዙላቸው። እንደ ልማዱ ድመት መንገዱን አይታ እንዳትመለስ በጆንያ ትመጣለች፤ ቤቱን እስክትለምድ ደግሞ ትታሰራለች። እትዬ ብዙነሽ ከልማዱ ምንም አላጎደሉም። አንገቷን በሲባጎ አሰሩና ጫፉን ከአልጋ እግር ጋር ቋጠሩት። በሦስተኛው ቀን ውሮ ሲባጎውን በጥርሷ ቆርጣ አመለጠች። አንገቷ ላይ የተጠመጠመው ግን አብሯት ሄደ።

ግቢውን ጥላ አልጠፋችም፤ ከውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ሥር መኖር ጀመረች። ሰው ሲጠጋት አጥር ትዘላለች። እሷ ታድጋለች፣ ሲባጎው አያድግም። በሁለተኛው ወር ጠጉሯ ውስጥ ሰጥሞ አልታይ አለ። ለእንስሳት ሐኪም ስደውል፣ «ሥጋዋ ውስጥ እየገባ ነው፤ ቶሎ ካልተቆረጠ ያንቃታል። ይዛችኋት ኑ» አለኝ። ይዛችኋት ኑ ማለትማ ምን ይከብዳል! ጆንያ ብናነሣ ሁለት ቀን ተሰወረችብን። አንዱ ጥግ ሞታ የምናገኛት እየመሰለኝ ሥራ ላይ እንኳ ልቤ አልረጋ አለ። እትዬ ብዙነሽ እህል አልወርድላቸው አለ።

«ገደልኳት፣ ማዕዶት» አሉኝ።

«ገና አልሞተችም እኮ፣ እትዬ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ምኑን ልልቀም?»

የቀረን ውሮን ከእጃቸው ጋር ማላመድ ብቻ ነበር። ወቅቱ ደግሞ ሁዳዴ። የእኛ ሰፈር ልኳንዳዎች ተዘግተዋል፤ ክፍቱ የጀይላን ሥጋ ቤት ብቻ ነው። እትዬ ብዙነሽ በዕድሜያቸው የሙስሊም ሥጋ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ያውም በጾም! ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ሄዱና ሳንባ ገዙ። ማን አያቸው ቢባል፣ ሰፈሩ በሙሉ። ለድመት ነው ቢሉ ማን ይመናቸው? «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም» እያሉ ሳቁባቸው። ያልሳቀው ጀይላን ብቻ ነው። «አንገቷን ካመማት መዋጥ ይከብዳታል፣ እናቴ፤ ደቀቅ አድርጌ ልክተፍልዎት» አላቸው።

በየማለዳው ሳንባውን በሳህን ያስቀምጡና ሦስት እርምጃ ርቀው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። እኔ በመስኮት አያለሁ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይተይባሉ። በሳምንቱ ሳህኑ እግራቸው ሥር ደረሰ። ከዚያ ቁራሹን ከመዳፋቸው በላች። ከዚያ በጣታቸው ጀርባ ጉንጯን ነኩ። ሐኪሙ በመከረን መሠረት መቀሱንም ባበሏት ቁጥር አየር ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጉታል፤ መጀመሪያ ሽሽት ነበር፣ ኋላ ጆሮዋን ብቻ ማቆም ሆነ።

ደስ ብሎኝ ገና ሳልጨርስ የለመደ እጃቸው ቀደማቸው፤ ማጅራቷን አፈፍ አደረጉ። ክንዳቸውን ቧጭራ አጥር ዘለለች፤ ሦስት ቀን ባከነ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያን ቀን ተናደድኩባቸው። «እትዬ፣ ድመት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይደለችም!» አልኳቸው። ስትመለስ ትንፋሿ ያፏጫል፤ ሳንባውን አላምጣ ትተፋዋለች። ከዚያ በኋላ ፉጨቱን ስሰማ እፈራለሁ፣ ሳልሰማው ደግሞ የባሰ እፈራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ውሮ አልበላችም። ሳህኑን አልፋ መጣችና እትዬ ብዙነሽ ቀሚስ ላይ አገጯን ጣለች። ቀስ ብለው አንገቷን ዳሰሱ። ሲባጎውን ሲያገኙት ፊታቸው ሲለዋወጥ በመስኮቱ አየሁ። መቀሱን አሾለኩ። ቀጭ አለ፤ ውሮ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሲባጎው ተቆረጠ እንጂ አልወጣም፤ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። እትዬ ብዙነሽ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም በእጄ ምልክት «ሳቡት» አልኳቸው። ሳቡት።

ድመቷ እንደ ሕፃን ጮኸች። ጥርሷን ገልጣ ዞረችና እጃቸውን ጎረሰችው። በሩን ከፍቼ ሮጥኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አልነጠቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ውሮ እጃቸውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው፤ ሳትሮጥ፣ በእርምጃ፣ ወደ ሮቶው ሄዳ ተኛች።

እጃቸውን ያዝኩና አገላበጥኩት። የጥርሷ ምልክት አራት ቦታ ሰርጎድ ብሏል፤ ቆዳው አልተበሳም።

«ነከሰችዎት?»

«አልነከሰችኝም» አሉ፤ እንባቸው ይወርዳል። «መንከስ ትችል ነበር፤ አየሻት አይደል? እያሳመምኳት ተወችኝ። እኔ ግን ምንም ሳታደርገኝ ነው ያሰርኳት።»