የዋንዛው በርጩማና የእማ ጉልበት

ከቤቴ ጎን ሱቅ እየተሠራ ነውና ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት የመላጊያ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል። ሽርር እያለ እንጨቱን ሲልግ፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የዋንዛ ፍቅፋቂ ሽታ ይመጣብኝና ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለው የወላጆቼ ቤት በረንዳ ላይ የተኛሁ ይመስለኛል። ሱቁን የሚሠሩት ልጆች የሚልጉት ዋንዛ አይደለም፣ ተራ ጣውላ ነው። አፍንጫዬ ግን ይህን አልሰማም ብሏል።

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነበር። ጅማ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ለማያውቅ ግን፣ የአገራችን በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ነው፣ እግሩም መቀመጫውም አንድ እንጨት ስለሆነ ሙጫም ምስማርም አይነካውም። አባ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም ነበር። ምስማር ለጣራ ነው ይል ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ እየገጣጠመ ወንበር የሚሠራውን አናጢ ባየ ቁጥር ደግሞ ፈገግ ይል ነበር፣ ያቺ ፈገግታ ከስድብ ትብሳለች። እማን ሲያገባት የጠረበላት በርጩማ ዙሪያው የቡና ቅጠል ተቀርጾበት፣ እንግዳ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት በእጁ የሚዳብሰው ነበር። እንደ ሌሎቹ በርጩማዎች ሁሉ ግን ዝቅ ያለ ነበር፣ ቁመቱን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ክረምት ሲገባ እማ በምትሠራበት መጋዘን የሚለቀም ቡና ስለማይኖር የእኛ ብቻ ትሆን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለን የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈልን፣ አባ በረንዳው ላይ ግንዱን እየጠረበ፣ ቀኑ የሚያልቅ አይመስልም ነበር። እማ ስትሰግድ እኔ ከኋላዋ አደባና ሱጁድ ስትወርድ ጀርባዋ ላይ እወጣ ነበር፤ እሷም ግንባሯን ከምንጣፉ ሳታነሳ፣ ጠግቤ እስክወርድ ድረስ ትቆይልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ምቾት ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁም፣ ወላሂ።

ጥቅምት ሲጠባ ከአጋሮ በኩል ቡና የጫኑ መኪኖች መምጣት ይጀምሩና እማ በርጩማዋን በብብቷ ይዛ ወደ መጋዘኑ ትሄድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ የቡናው ገለፈት ይንሳፈፋል፣ ሴቶቹ መሬት ለመሬት ተደርድረው፣ ሰፌዳቸውን ታቅፈው፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ይለቅማሉ፣ አንዳንዴም አንዷ በኦሮምኛ ዘፈን ስታወጣ ሌሎቹ በአማርኛ ይቀበሏታል። እማ ጉልበቷ አገጯ ሥር ደርሶ፣ አንገቷ ተቀብሮ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት እንደዚያው ትቀመጥ ነበር።

አንድ ዓመት በበጋው መግቢያ ላይ ጉልበቶቿ አበጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው አለ። አንዷ ቅቤ አሙቃ አሸቻት፣ ሌላዋ ጨው በጨርቅ ቋጥራ አሙቃ ተኮሰቻት፣ ፌጦም ተቀባች፣ እኛ ልጆቹ በሽታው ከቤት የሚሸሽ እስኪመስል ድረስ ፌጦ ፌጦ ሸተትን። አባም አላረፈም፤ መቀመጫው ሰፋ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ካለፈው የበለጠ የሚያምር አዲስ በርጩማ ጠረበላት። እንደ ፊተኛው ዝቅ ያለ ነበር። እማ እጁን ይዛ አመሰገነችው፣ ጉልበቷ ግን ባሰበት።

ቀስ በቀስ ሱጁድ መውረድ አቃታት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በአንገቷ ብቻ እያጎነበሰች መስገድ ጀመረች። ለታመመ ይፈቀዳል፣ አላህ ይቀበላል አሏት፣ እሷም ታውቀው ነበር። አንድ ቀን ግን ሶላቷን ጨርሳ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ አገኘኋትና ምን ሆንሽ ብዬ ተጠጋኋት።

«ግንባሬ መሬት ናፈቀው፣ ልጄ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ጉልበቷን አገላብጣ አይታ፣ እማ የሥራ አቀማመጧን ስታሳያት በማዘን ራሷን ነቀነቀች። ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጪ፣ ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ አይውጣ፣ ሰፌዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ በየመሃሉ ተነስተሽ ተንቀሳቀሽ አለቻት፤ ማስታገሻ ኪኒንም ሰጠቻት። ስንመለስ እማ መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ ለአባትሽ የምንነግረው ስለ ኪኒኑ ብቻ ነው አለችኝ። ለፍቅር ብሎ የሠራልኝ ነው ያሳመመኝ ብዬ በምን አፌ እነግረዋለሁ አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእማ ዝምታ ግን ጉልበቷን አነቀዘው፣ እኔ ምስክር ነኝ።

በጥር አንድ ቅዳሜ እማ ምሳዋን ረስታ ሄደችና አባ ሳህኑን ቋጥሮ እኔን አስከትሎ ወደ መጋዘኑ ወሰደላት። ከዚያ በፊት ገብቶ አያውቅም። ስንደርስ ሴቶቹ ለምሳ እየተነሱ ነበር። እማ እጇን መሬት ላይ ተክላ ሞከረች፣ አቃታት፣ ደግማ ሞከረች፣ በመጨረሻ ሁለት ሴቶች በብብቷ ገብተው አነሷት። አባ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ሳህኑን ለእኔ ሰጥቶ፣ ሳያናግራት ተመለሰ።

አመሻሹ ላይ እፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

እማ ሻርፗን ስታስተካክል ቆየች። «በርጩማህ ያምራል፣ አባ ሰሚራ» አለችው። ሰሚራ እኔ ነኝ። «ግን ዝቅ ይላል።»

ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን መሬት መሬቱን አየና፣ «ለዚች ቃል ነው ይህን ሁሉ የተሰቃየሽው?» ብሎ ተነሳ። ከሳጥኑ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ሁሉ አውጥቶ እያጣጠፈ በርጩማው ላይ ከመረ፣ እማን አስቀመጣት፣ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቷን ይዞ እግሯ መሬት በደንብ መርገጡን አየ። እዚህ ጋ ነው ወይ ሲላት ትንሽ ከፍ ትለዋለች፣ ይጨምራል፤ በዛ ስትለው ያነሳል። እኔም ትራስ ሳቀብል፣ እማ እንደ ልጅ እየሳቀች፣ እሱ ግን ፈገግ እንኳ ሳይል በሲባጎ ለካት።

በማግስቱ ምስማር ገዛ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ይባስ ብሎ ያንኑ ሲስቅበት የኖረውን የማዶ አናጢ አስተምረኝ ብሎ ደጁ ሄደ፤ ሰውዬውም አላህ ይስጠው፣ ሳይመጻደቅ አሳየው። የተሠራው ወንበር መደገፊያ ያለው፣ አንድ እግሩ ትንሽ የሚወላገድ፣ ከአባ እጅ ከወጡት ሁሉ አስቀያሚው ነበር። ለሰፌዷም ፍሬው እንዳይንከባለል ዙሪያው የተከበበ ጠባብ ጠረጴዛ ጨመረላት።

መጋዘኑ ውስጥ ካቦው ቦታ ፈጀሽ ብሎ አጉረመረመ፣ ሴቶቹም ዳኛዋ መጣች፣ ችሎት ሊጀመር ነው እያሉ ሲስቁባት ሰነበቱ። ኋላ ግን ለምሳ ስትነሳ ወንበሯ ላይ እየተሽቀዳደሙ መቀመጥ ጀመሩ። በልግ ሲገባ ደግሞ ከየቤታቸው ሳጥንና ጣውላ እያመጡ ከፍ ብለው የሚቀመጡ በረከቱ።

የእማ ጉልበት ወዲያው አልዳነም፣ እብጠቱ የጎደለው ቀስ እያለ ነው። በረመዳን አንድ ቀን አስር ሶላት ላይ፣ አልጋው ጫፍ ላይ በመቀመጥ ፈንታ ምንጣፏን አነጠፈች። መጀመሪያ አንዱን ጉልበቷን፣ ቀጥላ ሌላውን አሳረፈችና ግንባሯን መሬት አስነካች። እዚያው ብዙ ስለቆየች ፈራሁ። ውጪ የአባ መጥረቢያ ዝም አለ፣ እስክትነሳም ድረስ ድምፁ አልተሰማም።

አባ ዛሬ በሕይወት የለም፣ አላህ ይዘንለት። እኔ እዚሁ ጅማ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ እውላለሁ፤ ወንበሬ ከሥሩ ማንሻ አለው፣ ከፍም ዝቅም ይላል። ከእኔ በፊት የነበረው ረጅም ሰው እንዳስተካከለው ትቼው፣ ትከሻዬና ወገቤ እያመመኝ፣ ሥራ ነው እያልኩ ኖርኩ። ባለፈው እማ ልትጠይቀኝ ቢሮ መጣች። ስለ ኮምፒውተሩም ስለ ሕንፃውም ምንም አላለችም፣ የተንጠለጠሉ እግሮቼን አየች። ጥግ ያለውን የወረቀት ካርቶን ጎትታ ተንበረከከችና እግሬ ሥር አደረገችልኝ፣ ተረከዜንም አስተካከለችው። የሥራ ባልደረባዬ ላንሳዎት ብሎ ሲሮጥ፣ ተወኝ ልጄ ብላው ምንም ሳትይዝ ብድግ አለች። እሷን ልሸኝ ስነሳ ጠረጴዛውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።