የእናቴ አራተኛ ግድግዳ

ታላቅ ወንድሜን አሁንም አላናግረውም። ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፤ መልሻቸዋለሁ። ግትር ነው ይሉኛል። ልሁና!

ነገሩ የጀመረው ሸኮ ያለው ግቢው ለቡና ማድረቂያ አልጋ የጠበበው ጊዜ ነው። ከፊት ለፊት ሜዳ እንዲተርፈው የእናታችንን ክፍል አፍርሶ ወደ ጓሮ ወሰደው። ጓሮው ደግሞ ተረተር ነው። የተረተሩን እግር በዶማና በዲጂኖ ቆርጦ ሦስት ግድግዳ ብቻ አቆመ፤ አራተኛው የተረተሩ ድንጋይ ራሱ ሆነ። «እንጨት ተረፈን፣ ጭቃ ተረፈን» እያለ ሲስቅ ደሜ ፈላ።

እኔ ሚዛን ከተማ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪ ይሰማኛል፤ ቤተሰቤ ሰምቶኝ አያውቅም። ክፍሉን ሳይ የድንጋዩ ነጭና ጥቁር መስመር እንደ ተጨማደደ ነጠላ ታጥፏል።

«ይኼ ድንጋይ ድሮ ከመሬት በታች፣ በጣም ጥልቅ ቦታ ነበር» አልኩት ወንድሜን። «እዚያ ሙቀት ስላለ፣ ከግራና ከቀኝ ሲገፋ ቀስ እያለ ይታጠፋል። ላይ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን አይታጠፍም፤ ሲጫኑት መሰንጠቅ ብቻ ነው። ስንጥቁን እየው፣ ወደ እማማ አልጋ ነው ያዘነበለው። አንተ ደግሞ ከሥር ድጋፉን ቆርጠህ ወሰድክበት።»

«ድንጋይ ታጠፈ?» አለና ሚስቱን ጠራት። «ነይ ስሚ፣ የተማረው ሰውዬ ድንጋይ አጣጥፎልናል!» ሁለቱም ሳቁ። እናቴም፣ ይቅር ይበላትና፣ ፈገግ አለች።

እሺ ብዬ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር መታሁ። ከአንዱ እስከ ሌላው ድረስ ልክክ የሚል ቀጭን እንጨት ቆርጬ ለእናቴ ሰጠኋት። «እንጨቱ አጥሮ አልደርስ ካለ ድንጋዩ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ውጪ» አልኳት። በየሳምንቱ ስደውል «ይደርሳል፣ አታስብ» ትለኝ ነበር።

መስቀል ደረሰ። ለመስቀል ያልተለሰነ ግድግዳ በሰፈሩ ነውር ነው። የወንድሜ ሚስት ቤቱን በእበትና በቀይ አፈር ስትለስን፣ ድንጋዩም ግድግዳ ነው ብላ ሚስማሮቹን ነቅላ፣ ስንጥቁን ደፍና፣ አሳምራ ጠበቀችኝ። በዓል ልጠይቅ ሄጄ ሳየው አበድኩ። ያላልኩት የለም! ደደቦች አልኳቸው፣ በበዓል ቀን፣ በእንግዳ ፊት። «ውጪ ከዚህ ክፍል!» ብዬ እናቴም ላይ ጮህኩ። ወንድሜ «የምትወጣውስ አንተ ነህ» አለኝ። የቀረበልኝን ሳልቀምስ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ አልደወልኩም። አንድ ቀን ያዩታል እያልኩ ነበር፤ ዋሽቼ ምን ይጠቅመኛል።

ጥቅምት ላይ፣ ሲዘንብ አድሮ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ድንጋዩ ተናደ። ተደውሎልኝ በሚኒባስ ደረስኩ። ግድግዳው ከነልስኑ ተገንጥሎ አልጋዋ ላይ ተዘርግቷል። እናቴ ያን ሰዓት ከደጅ የተበላሸ ቡና እየለቀመች ስለነበር ተርፋለች። መንገዱን ሙሉ ለወንድሜ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ገና አፌን ስከፍት እናቴ እጇን አነሳች።

«እሱን ተወው። አንተ እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር እንጂ! ስንቴ ውጪ አልኩሽ!»

«ውጪስ ብለኸኛል» አለች፣ ከቀሚሷ ላይ አቧራውን እያራገፈች። «ሚዛን ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለህ። እኔ ጋ ነይ ግን አንድ ቀን አላልከኝም።»

ያን ጊዜም ነይ አላልኳትም። ወንድሜ ከማድረቂያ አልጋዎቹ ሁለቱን ነቅሎ፣ በቦታው አራት ግድግዳ ያለው ክፍል ሠራላት።